የሰረዝኩት ቁጥር

ልጆቼ፣

አርባ ዓመት ያህል የሠራሁበት ሙያ ለወሬ የሚመች አይደለም። ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዞርኩ ውሃው ስንት ሜትር ወርዶ እንደሚገኝ እለካለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። የብረት ሜትሩን ጫፍ ጠመኔ ቀብተን እናወርደዋለን። ስንስበው ውሃ የነካው ጠመኔ ጠቁሮ ይወጣል፣ ያልነካው እንደነጣ ይቀራል። የሁለቱ ድንበር ላይ ያለው ቁጥር ነው የእንጀራ ገመዴ።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ ጉድጓድ ከአምናው አርባ ሴንቲ ሜትር ወርዶ አገኘሁት። አለቃዬ “መለካት አትችልም” ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። በአቅራቢያው ፓምፕ ሲሠራ ቆይቶ ይሆናል አልኩና ቁጥሩን ሰርዤ የአምናውን ደገምኩት። ስድስት ዓመት ሳይሞላ የአካባቢው ፓምፖች አየር መሳብ ጀመሩ።

በመካከለኛው እስያ ያለው የአራል ባሕር ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ወዲህ ገባሮቹ ለጥጥ እርሻ ተጠልፈው ሲሸሽ መርከቦቹ አሸዋ ላይ ቀሩ፤ ዓለም በፎቶግራፍ አየው። የከርሰ ምድር ውሃ ሲሟጠጥ ግን መርከብ አይቀርም። ከበረዶው ውጪ ያለው ጨው አልባ ውሃ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚያ ነው ያለው። የሰው ልጅ ከየትኛውም ምንጭ ከሚቀዳው ጨው አልባ ውሃ 70 በመቶ ያህሉን የሚጠጣው እርሻ ነው፤ ስለዚህ ቧንቧችሁን ጥብቅ አድርጋችሁ መዝጋታችሁ ደግ ቢሆንም፣ ነገሩ የሚለየው ማሳው ላይ ነው።

አንድ ፎቶግራፍ ፈልጋችሁ እዩልኝ። እ.ኤ.አ. በ1977 በካሊፎርኒያው የሳን ዋኪን ሸለቆ ጆሴፍ ፖላንድ የተባሉ ባለሙያ ከአንድ ምሰሶ ሥር ቆመዋል። ከራሳቸው በላይ፣ ምሰሶው ጫፍ አጠገብ፣ “1925” የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። መሬቱ በዚያ ዓመት የነበረው እዚያ ከፍታ ላይ ነው። በመሐሉ 9 ሜትር ገደማ ሰምጧል። ውሃው ሲቀዳ የሸክላው ድርብርብ ይጨመቃል፤ በኋላ የቱንም ያህል ዝናብ ቢዘንብ ያ ሸክላ ተመልሶ አይነፋም፣ ውሃ ይይዝበት የነበረው ቦታም ለዘለዓለም ተዘጋ ማለት ነው። አርሶ አደሮቹ በየማለዳው የረገጡት መሬት ነው። ሲወርድ የተሰማው አልነበረም።

የዓሣ ሀብት ተመራማሪው ዳንኤል ፖሊ እ.ኤ.አ. በ1995 ይህንን ዓይነት መታወር በሙያው ውስጥ አሳይተዋል፦ እያንዳንዱ ትውልድ ሥራ ሲጀምር ያገኘውን የዓሣ ብዛት እንደ ሙሉ ይቆጥረዋል፤ የጎደለውንም ከዚያ ጀምሮ ብቻ ያሰላል። እናንተም ዛሬ ያያችሁትን ወንዝ “ወንዝ” ትሉታላችሁ። ከእናንተ በፊት የነበረውን ሽማግሌ ጠይቁ፤ የድሮ መዝገብ ካለ ግን ከሽማግሌው ትዝታ ይልቅ መዝገቡን እመኑ። ሽማግሌ ነኝና አውቃለሁ።

አሰልቺ ልኬትን አትናቁ። አንታርክቲካ ላይ በሃሊ የምርምር ጣቢያ የነበሩ እንግሊዛውያን ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ አጋማሽ አንስቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደንን የኦዞን ጋዝ መጠን ሲለኩ ኖሩ። ለረጅም ጊዜ አዲስ ነገር አልታየም። እ.ኤ.አ. በ1985 በየጸደዩ እየሳሳ መምጣቱን ይፋ ሲያደርጉ የሚያነጻጽሩበት የሠላሳ ዓመት ገደማ መዝገብ በእጃቸው ነበር፤ በ1987 ኦዞንን የሚያሳሱ ኬሚካሎችን የሚገድበው የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ዛሬ ችግኝ ሲተከል የሚቆጥር ሞልቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ እንደጸደቀ ተመልሶ የሚቆጥር ወጣት ካገኘሁ ግን እኔ ራሴ ደብተር እገዛለታለሁ።

የመጀመሪያውን ደብተሬን አልጣልኩትም። ያቺ መስመር በሰማያዊ ቀለም ተደጋግማ ስለተሰረዘች ከሥሯ ያለውን ቁጥር አጉሊ መነጽር እንኳን አያነበውም። አርባ ሴንቲ ሜትር የምላችሁም ከትዝታዬ ነው።