ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል፦ ስለ ግቢ ሣር ለጠየቃችሁን

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከሜሪላንድና ከሰሜን ቨርጂኒያ ናቸው፤ ሰመሩ ስላቃጠለው የግቢ ሣር ይጠይቃሉ። በእነዚህ አካባቢዎች ግቢ በብዛት የሚገኘው ቶል ፌስኪው የተባለው ቅዝቃዜ የሚስማማው ሣር ነው፤ መልሶቻችንም እሱን የሚመለከቱ ናቸው። ዞይዥያ ወይም ቤርሙዳ (እኛ ሰርዶ የምንለው) ያላችሁ ግን በዚህ ወቅት ዘር አትዝሩ፣ ማዳበሪያም አትጨምሩ። የእነሱ ወቅት ሙቀቱ ነው፤ የመጀመሪያው ውርጭ ሲመታቸው ቡናማ ቢሆኑም ተኝተው እንጂ ሞተው አይደለም።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፤ ባለፈው ዓመት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቤት ገዛን። ኤፕሪል ላይ ሁለት ከረጢት ዘር በተንኩ፤ ሜይ ላይ ግቢው ለምልሞ ሰው ሁሉ አደነቀው። ኦገስት ሲደርስ ግማሹ ደርቆ ቦታውን መሬት ለመሬት የሚንፏቀቅ ሰፊ ቅጠል ያለው አረም ወረሰው። ዘሩ መጥፎ ነበር? እንደገና ልዝራ ወይስ እስከ ስፕሪንግ ልጠብቅ?

መልስ፦ ዘሩ ደህና ነበር፤ የተሳተው ጊዜው ነው። እባክዎ ስፕሪንግን አይጠብቁ። በኤፕሪል የበቀለ ቶል ፌስኪው ሙቀቱ እስኪመጣ ሥር ለመስደድ የሚያገኘው ሁለት ወር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ጁላይ ላይ መሬቱ ሲግል፣ ሌሊቱም ወበቅ ሲሆን፣ ሥሩ ያልጠለቀ ሣር ውኃ ያጣል፤ በዚያ ላይ ብራውን ፓች የተባለው የፈንገስ በሽታ ይጨመርበታል። አረሙ ክራብግራስ ነው። የሚበቅለው እርስዎ በዘሩበት በዚያው በኤፕሪል ስለሆነ አብረው አደጉ፤ ሙቀት ወዳዱ እሱ ስለሆነም አሸነፈ። በስፕሪንግ ክራብግራስን የሚከለክለው መድኃኒት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሣሩንም ዘር አያስበቅልም። ስለዚህ በስፕሪንግ ወይ ዘር ነው ወይ መድኃኒት፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

አሁን ግን ሁሉም ነገር ለእርስዎ ያደላል። አፈሩ ገና ሞቃት ነው፣ አየሩ ቀዝቅዟል፣ ክራብግራሱም ዕድሜው አልቆ የመጀመሪያው ውርጭ ራሱ ይገድለዋል። በመድኃኒት አይድከሙበት፤ በእጅ ነቅለው ዘሩን ሳያራግፍ ያስወግዱት። በአካባቢያችሁ መዝራት የሚቻለው ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው። ከዚያ ውስጥ ምርጡ ጊዜ ለእኛ ሰው ለማስታወስ አያስቸግርም፦ ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል። ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ የተዘራ ዘር ቢበቅልም ሥሩ ሳይጠነክር ውርጭ ይደርስበትና አፈሩ በረዶ ሲሆንና ሲቀልጥ ተነቅሎ ይወጣል።

ዘር ሲገዙ ከከረጢቱ ፊት ይልቅ ከጀርባ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት ያንብቡ። ሁለት ወይም ሦስት የቶል ፌስኪው ዓይነቶች፣ ቢበዛ 10 በመቶ ኬንታኪ ብሉግራስ ያለበት ቅልቅል ጥሩ ነው። ቶል ፌስኪው እንደ ሰርዶ በመሬት ላይ ተንፏቅቆ ክፍተት አይሞላም፤ እያንዳንዱ ዘር በወደቀበት አንድ ጉጥ ሆኖ ይቀራል። ትንሹ ብሉግራስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። «ኬንታኪ 31» የሚለውን ርካሽ ዘር ይተዉት፤ የከብት ግጦሽ ሣር ስለሆነ ቅጠሉ ሰፊና ሻካራ ነው። ወረቀቱ ላይ ዘሩ የተለበጠበት ሽፋን መጠንም ይጻፋል። ዘሩ ተለብጦ ከሆነ ከክብደቱ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ዘር ላይሆን ይችላል፤ ሲመዝኑ ይህን ያስቡበት።

ከዚያ ሣሩን እስከ 2 ኢንች ዝቅ አድርገው ይጨዱና እጭዱን ሰብስበው ያውጡ። የደረቀውን በብረት ሬክ ጠንከር አድርገው ይቧጥጡ፤ አፈር በዓይን መታየት አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በደረቅ ሣር ላይ የተበተነ ዘር አፈር ሳይነካ ይንጠለጠላል፤ ቢበቅልም ሥሩ አየር ላይ ይደርቃል፣ የቀረውን ወፍ ይለቅመዋል። ሣሩ ለሳሳበት ቦታ በ1,000 ስኩዌር ፊት 4 ፓውንድ፣ ባዶ ለሆነው ከ6 እስከ 8 ፓውንድ ይበቃል። ግማሹን ከላይ ወደ ታች፣ ግማሹን ከግራ ወደ ቀኝ ይዝሩት። ከዘሩ በኋላ ቁጭ ብለው አውራ ጣትዎን መሬት ላይ ይጫኑ፤ ጣትዎ በሸፈነው አንድ ኢንች ያህል ቦታ በሳሳው ላይ 6፣ በባዶው ላይ 12 ያህል ዘር ከተገኘ ልክ ነው። «ትንሽ ልጨምርበት» ማለት ይጎዳል፤ ቡቃያው ተጨናንቆ ይቀጥናል፣ ከሥሩም ይበሰብሳል።

በሬክ ጀርባ ቀስ ብለው ሩብ ኢንች ያህል አፈር ያልብሱት፤ ከተቻለ ሩብ ኢንች የተነፋ ኮምፖስት ይበትኑበት (ለ1,000 ስኩዌር ፊት ከሦስት አራተኛ ኪዩቢክ ያርድ ትንሽ ይበልጣል)። ከዚያ ረገጥ ረገጥ አድርጎ ማጠጣት ነው።

ጥያቄ፦ ከዘራሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። በአሥረኛው ቀን የሚያምር ቡቃያ ወጣ፤ አሁን ግን እየቀጠነ ይጠፋል። በየማታው አጠጣለሁ። (ከሮክቪል)

መልስ፦ ማታውን ይተዉት። ቅጠሉ ረጥቦ ሲያድር ፈንገስ ይይዘዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው፤ የላይኛው ግማሽ ኢንች አፈር እንዳይደርቅ ብቻ፣ ውኃ ሳይቋጥር። ቡቃያው አንድ ኢንች ሲደርስ በቀን አንዴ ጠዋት ይበቃል። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ አንድ ኢንች ያህል ይስጡት፤ ሥር ወደ ታች የሚሄደው ላዩ ሲደርቅና ታቹ ሲረጥብ ነው። መጠኑን ለማወቅ ባዶ የቱና ጣሳ ሣሩ መሐል አስቀምጠው የተጠራቀመውን በማስመሪያ ይለኩ። 4 ኢንች ሲያድግ፣ መሬቱ ደረቅ ሲሆን፣ በተሳለ ምላጭ 3 ኢንች ላይ ይጨዱት። የደነዘዘ ምላጭ ጨቅላውን ሣር ከነሥሩ ይመነግለዋል።

ጥያቄ፦ የእኛ ግቢ የውድብሪጅ ቀይ አፈር ነው፤ ሰመር ላይ እንደ ሸክላ ይደርቃል። ኤሬሽን የሚባለው (መሬቱን በስቶ አየር ማስገባት) ገንዘቡን ያወጣል? ጓደኛዬ ሚስማር ያለው ጫማ ገዝቶ እየተራመደበት ነው።

መልስ፦ ለእንደዚህ ዓይነት አፈር በዓመት አንድ ጊዜ ያወጣል፤ በተለይ ከዘር በፊት። የጓደኛዎ ጫማ ግን አይረዳም። ሚስማር ቀዳዳ የሚሠራው አፈሩን ወደ ጎን እየገፋ ስለሆነ ዙሪያውን ይበልጥ ያጠብቀዋል። የሚፈልጉት ባዶ ቱቦ ጥርስ ያለው፣ አፈሩን መዝዞ የሚያወጣ ማሽን ነው፤ ኪራይ ሲጠይቁ «ኮር ኤሬተር» ይበሉ።

ዋናው ነገር እርጥበቱ ነው። አንድ ኢንች ዝናብ ከዘነበ ወይም በደንብ ከተጠጣ በማግስቱ ይሥሩ። ረጅም ካቻቢቴ በእጅዎ ግፊት ብቻ ሳይቸገር 3 ኢንች ከገባ መሬቱ ዝግጁ ነው፤ ካልገባ ማሽኑም ላዩን ብቻ ይጭራል። ጭቃ ከሆነ ደግሞ ቱቦው ይደፈናል። ማሽኑን ከማንቀሳቀስዎ በፊት የውኃ መርጫ ጫፎችንና ከመሬት በታች የተቀበረ የውሻ አጥር ሽቦ ካለ በትናንሽ ባንዲራ ምልክት ያድርጉ። ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ወርድ አንዱን ቁመት ይሂዱበት፤ ቀዳዳዎቹ ከ3 እስከ 4 ኢንች መራራቅ ይገባቸዋል። የወጡት ጉጦች የ2 ወይም 3 ኢንች ርዝመት ካላቸው ጥሩ ሠርቷል። ቢያስጠሉም አይልቀሟቸው፤ በጥቂት ሳምንታት ዝናብና ማጨጃው ያፈርሷቸዋል፣ ዘሩንም ያለብሳሉ። ማሽኑ በጣም ከባድ ስለሆነ ለማውረድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ለግማሽ ቀን ተከራይተው ከሁለት ጎረቤት ጋር ቢጋሩት ወጪው ይቀላል።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ባለ 50 ፓውንድ ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉውን ግቢው ላይ ጨረሰው። የእኔ ሣር 2,500 ስኩዌር ፊት ነው። እንደሱ ላድርግ? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ በፍጹም። ከረጢቱ ላይ ያሉት ሦስት ቁጥሮች በቅደም ተከተል ናይትሮጅን፣ ፎስፌትና ፖታሽ በመቶኛ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሚሠራበት የሜሪላንድ ሕግ መሠረት በአንድ ጊዜ በ1,000 ስኩዌር ፊት ከ0.9 ፓውንድ በላይ ናይትሮጅን መጨመር አይፈቀድም፤ ከእሱም ቢያንስ 20 በመቶው ቀስ ብሎ የሚለቀቅ መሆን አለበት። ከረጢቱ 24-0-11 ከሆነ 0.9ን ለ0.24 ያካፍሉ፤ 3.75 ፓውንድ ይሆናል። ለእርስዎ 2,500 ስኩዌር ፊት ወደ 9.4 ፓውንድ ነው። ጎረቤትዎ ግቢው የእርስዎን ያህል ከሆነ ከአምስት እጥፍ በላይ ጨምሯል። ትርፉ ሣሩን ያቃጥላል፣ የቀረውን ዝናብ አጥቦ ወደ ጅረቱ፣ ከዚያም ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይወስደዋል። ሕጉ የወጣውም ለዚሁ ነው።

አንዱን ዙር ሴፕቴምበር፣ ሁለተኛውን ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ይስጡ። ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 የተከለከለ ነው፤ ኃይለኛ ዝናብ በሚጠበቅበት ቀንም እንዲሁ። አስፋልትና ድራይቭዌይ ላይ የወደቀውን ጠርገው ወደ ሣሩ ይመልሱ። ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ የሚፈቀደው አዲስ ሲዘሩ ወይም የአፈር ምርመራ ጉድለት ካሳየ ነው።

ምርመራውን እኛም እንመክራለን። ከ10 እስከ 15 ቦታ 4 ኢንች ጥልቀት ያለው አፈር በፕላስቲክ ባልዲ ቀላቅለው ይላኩ፤ የቆርቆሮ ባልዲ ዚንክ ጨምሮ ውጤቱን ያዛባል። ቨርጂኒያ ያላችሁ ሣጥኑን ከካውንቲያችሁ ኤክስቴንሽን ቢሮ ወስዳችሁ ወደ ቨርጂኒያ ቴክ ላቦራቶሪ መላክ ትችላላችሁ። ፒኤቹ (የአፈሩ አሲዳማነት መለኪያ) ከ6 በታች ከሆነ ኖራ ያስፈልጋል፤ ኖራ ለመሥራት ወራት ስለሚፈጅበት በፎል መጨመር ይሻላል፣ በአንድ ጊዜም በ1,000 ስኩዌር ፊት ከ50 ፓውንድ አይብለጥ።

ጥያቄ፦ ለእንቁጣጣሽ ቡና ስናፈላ የምንጎዘጉዘው ቄጠማ በቀላሉ አይገኝም። ከግቢዬ ያጨድኩትን ሣር ብጎዘጉዝ ምን አለበት? የሁለት ዓመት የልጅ ልጅ አለችኝ። (እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ እማማ፣ ሣሩ ላይ በዚህ ዓመት ምንም መድኃኒት ካልተረጨ ይጎዝጉዙ። የአረም መድኃኒት የተረጨበት ወይም ማዳበሪያና ፀረ አረም አንድ ላይ የተቀላቀለበት ሣር ግን ቤት አይግባ። ድብልቁ እርጥብ ቅጠል ላይ እንዲጣበቅ ተብሎ የተሠራ ነው፤ የልጅ ልጅዎም ወለሉ ላይ ተቀምጣ እጇን ወደ አፏ ትወስዳለች። ግቢውን የሚንከባከብ ድርጅት ከሆነ ምን እንደተረጨና መቼ እንደተረጨ በጽሑፍ ይጠይቁት። ለሚቀጥለው ዓመት ከአጥሩ ጥግ 4 ፊት በ8 ፊት ያህል ቦታ «አይነካም» ብለው ያስከልሉ፤ ሁለት ሳምንት ሳይታጨድ ካደገ ለአንድ ቡና ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከሁለት ሳምንት በፊት የሰፊ ቅጠል አረም መድኃኒት ረጨሁ። ዘር ልዝራ?

መልስ፦ መለያ ወረቀቱን ያንብቡ፤ የብዙዎቹ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ነው። አዲሱ ሣር ከበቀለ በኋላም ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሳይታጨድ አይርጩበት።

ጥያቄ፦ ሣሩ በእጄ ስይዘው እንደ ምንጣፍ ይነሳል፤ ሌሊት እንስሳ ይቆፍረዋል።

መልስ፦ ከሥሩ የጢንዚዛ እጭ ሊኖር ይችላል። አንድ ፊት በአንድ ፊት ቦታ በሦስት ጎን ቆርጠው ይግለጡና 3 ኢንች ድረስ ይፈልጉ፤ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ነጭ፣ ራሱ ቡናማ ትል ነው። ከ6 በታች ከሆነ ይተዉት፤ ጤነኛ ሣር ይችለዋል። ከ10 በላይ ከሆነ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ በሴፕቴምበር «ኪዩራቲቭ» (ያለውን እጭ የሚገድል) የሚለውን ይግዙ እንጂ በሰመር መጀመሪያ የሚጨመረውን መከላከያ አይግዙ፤ ጊዜው አልፎበታል። የተነሳውን ሣር ወደ ቦታው መልሰው ይርገጡት፣ ያጠጡት፤ የሞተው ላይ ዘር ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አዲሱን ሣር ምን ላድርገው?

መልስ፦ ሦስት ወይም አራት ቀን ከተሸፈነ ብርሃን አጥቶ ይነጣል። ሣሩ ሁለት ጊዜ እስኪታጨድ ድረስ ሬክ አይጠቀሙ፤ በብሎወር (ቅጠል በአየር የሚገፋ ማሽን)፣ በዝቅተኛ ኃይል፣ ከራቅ ብለው ያንሱት። ከዚያ በኋላ ስስ ሆኖ የወደቀውን ቅጠል በማጨጃው ከትፈው እዚያው መተው ይቻላል፤ ከላይ ሲያዩት ግማሽ ሣር ግማሽ ቅጠል ከሆነ ግን በዝቷልና ሰብስበው ያውጡት።