የቲማቲም ዘርን ሚውታጅን ውስጥ መንከር ምርት ይጨምራል?

ጥያቄ፦ በመቂ አካባቢ በመስኖ ቲማቲም አመርታለሁ። ግብርና ያጠናው የእህቴ ልጅ፣ የቲማቲም ዘር ከመዘራቱ በፊት ሚውታጅን በሚባል ኬሚካል ቢነከር ተክሉ ቶሎ እንደሚያድግና ፍሬው እንደሚበዛ የሚገልጹ ጥናቶችን አንብቦ ነገረኝ። የምዘራው በየወቅቱ የምገዛውን ድቅል ዘር ነው። በራሴ ነክሬ ብሞክር ያዋጣኛል?

መልስ፦ አያዋጣዎትም። ሚውታጅን ዘረመልን የሚለውጥ ነገር እንጂ እንደ ማዳበሪያ ተክሉን የሚያበለጽግ አይደለም። በምርምር ቤቶች በብዛት የሚሠራበት ኢቲል ሜታንሰልፎኔት፣ በአጭሩ ኢኤምኤስ፣ ጓኒን የተባለውን የዲኤንኤ ክፍል ስለሚለውጠው፣ ሕዋሱ ሲባዛ ከዲኤንኤ "ፊደላት" የጂ-ሲ ጥንድ በኤ-ቲ ጥንድ ይተካል። ለውጡ በየትኛው ዘረመል ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ አይታወቅም፤ አብዛኛው ከንቱ ወይም ጎጂ ሲሆን የሚጠቅመው እጅግ ጥቂት ነው። ኬሚካሉ የሚያስገኘው መምረጫ የሚሆን ልዩነትን ብቻ ነው፤ ምርት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከሚካሄደው ምርጫ ነው።

የተነከረው ዘር ራሱ ብዙ ጊዜ ይጎዳል፤ ብቅለቱ ይቀንሳል፣ ችግኙ ይቀጭጫል። በፅንሱ ውስጥ ያሉት ሕዋሶችም እያንዳንዳቸው ለየብቻ ስለሚለወጡ፣ የአንዱ ተክል ቅርንጫፎች የተለያየ ዘረመል ሊይዙ ይችላሉ። አብዛኞቹ ለውጦች ደግሞ ድብቅ፣ ማለትም ሁለቱም የዘረመሉ ቅጂዎች ካልተለወጡ የማይታዩ፣ በመሆናቸው የሚገለጡት ተክሉ ራሱን በራሱ አዳቅሎ በሚሰጠው ሁለተኛ ትውልድ ነው። የእህትዎ ልጅ ያነበባቸው ጥናቶች የመጀመሪያውን ትውልድ ቁመትና የፍሬ ብዛት ብቻ ለክተው ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት ስለ ዝርያ ማሻሻል የሚነግሩን እምብዛም ነው፤ ብልጫው ለተከታዩ ትውልድ መተላለፉ አልተፈተነምና።

የሥራውን ስፋት ለመገመት የእስራኤል ተመራማሪዎች ኤም82 በተባለው ቲማቲም ላይ ያደረጉትን ማየት ይበቃል። በኢኤምኤስና በፈጣን ኒውትሮን ጨረር አማካይነት 13,000 ያህል የሁለተኛ ትውልድ ቤተሰቦችን አዘጋጅተው፣ ከእነዚህ ከ3,400 በላይ ለውጦችን መዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነው ግኝት በተለይ አስገራሚ ነው። የአበባ ጊዜን የሚቆጣጠረው ኤስኤፍቲ የተባለው ዘረመል በሁለቱም ቅጂዎቹ ሲበላሽ ተክሉ ዘግይቶ ጥቂት አበባ ብቻ ያወጣል፤ አንዱ ቅጂ ብቻ ተበላሽቶ ሌላው ደህና ሲሆን ግን ምርቱ እስከ 60 በመቶ ጨምሯል። እንግዲህ ከመስክ ላይ ሲያዩት ሊጣል የሚገባው የሚመስል ተክል፣ በማዳቀል ሥራ ውስጥ ሀብት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ለእርስዎ ሌላም መሰናክል አለ። ድቅል ዘር ሳይነከርም እንኳ በሁለተኛው ትውልድ ባሕርዩ ይበታተናል፣ ተክሎቹ እርስ በርስ ይለያያሉ፤ ስለዚህ የትኛው ልዩነት ከኬሚካሉ፣ የትኛው ከድቅልነቱ እንደመጣ መለየት አይችሉም። ተመራማሪ የሚጀምረው ባሕርዩ ከጸና ዝርያ ነው። ከሁሉም በላይ ኢኤምኤስ በቀላሉ የሚተንና ለሰው ካንሰር አምጪ ሊሆን ይችላል ተብሎ የተመደበ ፈሳሽ ነው፤ ሌላው ሚውታጅን ሶዲየም አዛይድ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ ይለቃል። ሁለቱም የጋዝ ማስወገጃ ባለው ላቦራቶሪ እንጂ በጓሮ የሚነኩ አይደሉም። ገንዘብዎን ለመሬትዎ በሚስማማ ዝርያ ላይ ቢያውሉት ይሻላል፤ ለዚህም የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልን ያማክሩ።

ጥያቄ፦ በዚህ መንገድ የተገኘ ሰብል ኬሚካሉን በውስጡ ይይዛል? ከሌላ ፍጡር ዘረመል ከገባበት ሰብል ጋርስ አንድ ነው?

መልስ፦ አይይዝም። ኬሚካሉ ከዘሩ ላይ ይታጠባል፤ ገበያ የሚወጣው ዝርያ ደግሞ ከብዙ ትውልድ በኋላ የሚገኝ ነው። የውጭ ዘረመልም አይገባበትም፤ የሚለወጠው የራሱ ነው። ስዊዘርላንድ በሚገኘው በርን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኢኤምኤስ ከታከመ የጤፍ ዘር የተገኘው፣ ቁመቱ አጭር ሆኖ በቀላሉ የማይጋሸበው ቀኝ የተባለው ጤፍም በዚሁ መንገድ የተገኘ ነው።