ሐዋሳ ላይ ትንሿን ኦርኪድ ማሳደግ፦ ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የመጡት ጥያቄዎች ስለ ኤራንጊስ ሮዶስቲክታ ናቸው። ለማያውቋት፦ ዛፍ ላይ የምትበቅል፣ መዳፍ ላይ የምታርፍ ኦርኪድ ናት። አበባዋ ነጭ ሆኖ መሃሉ ቀይ ነጥብ አለው። በኢትዮጵያም በኬንያም ትገኛለች። ቆንጆ ናት፤ ግን ታስቸግራለች።

ጥቁር አፈር ላይ ፍግ ጨምሬ ተከልኳት። ሥሯ ጠቁሮ ረገፈ። ምን ሆነች? (ከሐይቅ ዳር)

አፈሩ ነው የገደላት፣ እህቴ። ሥሯ ቅርንጫፍ ላይ ተለጥፎ አየርና ውሃ እየተፈራረቀለት ነው የሚኖረው። ሲቀበር ይታፈንና ይበሰብሳል። ደህና ሥር ከተረፈ የጠቆረውን በንጹህ መቀስ ቁረጪው። ከዚያ ቅርፊቱ ሻካራ የሆነ ደረቅ እንጨት ፈልጊ፤ የቡና ግንድ ቁራጭም ይሆናል። ሥሩን ዘርግተሽ በዓሣ ማስገሪያ ናይለን ክር እሰሪው። ዓሣ የሚሸጥበት አሞራ ገደል አካባቢ ክሩ አይጠፋም። እንዳይነቃነቅ ጠበቅ አድርጊው፣ ሥሩን ግን እንዳይቆርጠው። አዲሱ ሥር እንጨቱን ሲይዝ ክሩን ትፈቺዋለሽ።

በቀን ስንቴ ላጠጣት?

ሥሯን እዩት። ሲደርቅ ብርማ ነጭ ነው፣ ሲርስ አረንጓዴ ይሆናል። ነጭ ሆኖ ብዙ እንዲቆይ አትፍቀዱ። እንጨት ላይ ስለታሰረች ቶሎ ትደርቃለች፤ በበጋ፣ በተለይ ነፋስ ባለበት በረንዳ፣ በየቀኑ መርጨት ያስፈልጋል። በክረምት እርጥበቱ ራሱ ያግዛል። ሁልጊዜ ጠዋት ይሁን። ቅጠሎቹ መሃል የተኛ ውሃ ከሌሊት ቅዝቃዜ ጋር ሆኖ እምብርቷን ያበሰብሳል። እምብርቷ ከሄደ ደግሞ ተክሏን ማዳን ከባድ ነው።

የጉድጓድ ውሃ ይሆናል?

ባይሆን ይሻላል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ጨውና ፍሎራይድ ይበዛበታል። ጨው ሥሩ ላይ እየተጠራቀመ ያቃጥለዋል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በንጹህ በርሜል አጠራቅሙ። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን አጥቦ ይሂድ። በርሜሉን ክደኑት፣ ትንኝ እንዳይራባበት።

ፀሐይ ላይ ላውጣት?

አይሆንም። የጠዋት ለስላሳ ብርሃን ወይም የዛፍ ጥላ ይበቃታል።

ዘመዶቼ ከጫካ ነቅለን እናምጣልህ እያሉኝ ነው።

ወንድሜ፣ እባክህ እንዳያመጡ። የኦርኪድ ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ ጫካ ውስጥ የሚበቅለው የሚመግበው ፈንገስ ሲያገኝ ብቻ ነው። የተነቀለችው ቶሎ አትተካም፣ ቤት ገብታም ብዙ ጊዜ ትሞታለች። በዚያ ላይ ኦርኪዶች በሙሉ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥበቃ ሥር ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም። በችግኝ የተባዛች እስክታገኝ ታገስ። ስትገዛም ሻጩን ከየት እንዳመጣት ጠይቀው። መልሱ ካላሳመነህ ትተሃት ሂድ።