በሁለት ጣት የሚበር አውሮፕላን

ውድ ወጣቶች፣

በገዛ እጁ አውሮፕላን ሠርቶ የጨረሰ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ "መሪው ቅልል ያለ ነው፤ በሁለት ጣት ነው የማበረው።" ደስታው ይገባኛል። ዓመታት የፈጀ ልፋት ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን አውሮፕላን ስፈትሽ የኖርኩ ሰው ነኝና እንዲህ ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። ወዲያው "የስበት ማዕከሉ፣ ማለትም ክብደቱ ሁሉ ሚዛን የሚጠብቅበት ነጥብ፣ የት ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ።

የስበት ማዕከሉ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር አፍንጫውን ለማንሳት የሚያስፈልገው ጉልበት ይቀንሳል። አውሮፕላኑ ታዛዥ ይመስላል። በዚያው ልክ ግን ነፋስ ሲያናውጠው በራሱ ወደ ነበረበት የመመለስ አቅሙ እየከዳው ነው። ከአንድ ነጥብ በኋላ ጭራሽ አይመለስም። አፍንጫው ትንሽ ቀና ካለ የባሰ ቀና ማለት ይፈልጋል። አብራሪው ሲያርም ያበዛዋል፣ ያበዛውን ሲያርም ደግሞ ይብስበታል። መሬት ቅርብ ከሆነ አለቀ።

ስለዚህ የንድፉ ወረቀት ላይ ያለውን ክብደት አትመኑ። በየጎማው ሥር ሚዛን አስገብታችሁ መዝኑት። ቀለም ከተቀባ በኋላም ድገሙት። (ቀለም ስል፦ የጅራትና የክንፍ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ላይ የተደራረበ ቀለም ሚዛናቸውን ያዛባል። በከፍተኛ ፍጥነት ፍላተር የሚባለውን መርገብገብ ያመጣል። እሱ ከመጣ ጅራት እስኪገነጠል ብዙ አይቆይም።)

ከዚያ ፈተናው ይመጣል። ጭነቱን ወደ ፊት አድርጋችሁ ጀምሩ፣ በቂ ከፍታም ያዙ። በአንድ ፍጥነት ላይ ትሪም አድርጉት፣ ማለትም መሪውን ሚዛን አስይዙት፤ እጃችሁን ስታነሱ ቀጥ ብሎ ይብረር። አሁን ስቲኩን (የመሪውን ዘንግ) በቀስታ ስባችሁ ፍጥነቱን 10 ኖት (በሰዓት 18.5 ኪሎ ሜትር) ያህል ቀንሱ። እዚያ ለማቆየት መሳባችሁን መቀጠል አለባችሁ? ጥሩ ነው። እጃችሁ ላይ ምንም ጉልበት ካልተሰማችሁ ግን ፈተናውን አቁማችሁ ውረዱና ጭነቱን አስተካክሉ። ደህና ከሆነ በሚቀጥለው በረራ ክብደቱን ጥቂት ወደ ኋላ ውሰዱት። በአንድ ቀን ልጨርስ አትበሉ። ነዳጅ ሲቃጠል የስበት ማዕከሉ ወዴት እንደሚሄድም አስሉ። ሲነሳ ደህና የነበረ አውሮፕላን ሲያርፍ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ስቶልም አለ፤ ክንፉ ነፋሱን ከልክ ባለፈ ማዕዘን ገጥሞ አውሮፕላኑን መሸከም ሲያቅተው ማለት ነው። በአሜሪካ ሕግ ፋብሪካ የሚሠራቸው ትንንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች የስቶል ፍጥነት ለብዙ ዓመታት ከ61 ኖት እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። በግል የሚሠራው አውሮፕላን ግን ይህ ገደብ አልነበረበትም። ትንሽ ክንፍና ትልቅ ሞተር ፍጥነት ይሰጣል፤ ዋጋው የሚከፈለው ለማረፍ ስትዞሩ ነው። ቀጥ ብሎ ሲበር በ70 ኖት ስቶል የሚያደርግ አውሮፕላን ከፍታውን ሳይለቅ 60 ዲግሪ አዘንብሎ ሲዞር በ99 ኖት ስቶል ያደርጋል። አንዳንዱ ምንም ሳይንቀጠቀጥ አንድ ክንፉን ጥሎ ይገለበጣል። ክንፉ ነፋሱን የሚገጥምበትን ማዕዘን የሚያሳይ መሣሪያ ግጠሙ። ከሚያብረቀርቅ ቀለም በፊት የምገዛው እሱን ነው።

ሌላ ሰው የሠራውን የምትገዙ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2012 ባወጣው ጥናት መሠረት በግል የተሠሩ አውሮፕላኖች ከአገሪቱ የጠቅላላ አቪዬሽን (ከአየር መንገድና ከጦር ኃይል ውጭ ያሉ) አውሮፕላኖች 10 በመቶ ያህል ነበሩ። በ2011 ሰው ከሞተባቸው አደጋዎች ግን 21 በመቶው የእነሱ ነበር። በዚያ ዓመት አደጋ ከደረሰባቸው ከግማሽ በላዩ ደግሞ ከሌላ ሰው የተገዙ ነበሩ።

ዘፋኙ ጆን ዴንቨር በጥቅምት 1997 በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሞተው ሌላ ሰው ሠርቶት እሱ በቅርቡ በገዛው ሎንግ ኢዚ በተባለ ትንሽ አውሮፕላን ተከስክሶ ነው። ሠሪው የነዳጅ መቀየሪያውን (ከአንዱ ታንክ ወደ ሌላው የሚያዞረውን እጀታ) ንድፉ ካዘዘው ቦታ አንስቶ ከአብራሪው ግራ ትከሻ በስተኋላ አድርጎት ነበር። እዚያ ለመድረስ ስቲኩን ለቆ መጠምዘዝ ያስፈልጋል። መርማሪዎች እንዳመለከቱት ሲጠማዘዝ ቀኝ እግሩ ሳያስበው የራደሩን (አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረውን መሪ) ፔዳል ረግጧል። በአውሮፕላኑ ላይ የወሰደው የመሸጋገሪያ ሥልጠናም በቂ እንዳልነበረ ጽፈዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሰዓት አውሮፕላኑ እንደቆመ አሳልፉት። ቀበቶ እሰሩ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ እያንዳንዱን እጀታ በእጃችሁ ፈልጉ። እናንተ ስትዘረጉ እግራችሁ ምን እንደሚሠራ ደግሞ ጓደኛችሁ ከጎን ሆኖ ይመልከትላችሁ።