የመዳብ መዶሻው እና የአባታችን ጨዋታ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። አባታችን፣ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልንና፣ መካኒክ ነበሩ። ሙያውን የለመዱት ጣልያን ጥሎት በሄደ ጋራዥ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በሕዝብ ጤና ኮሌጁ ያስተምር ለነበረ አንድ አሜሪካዊ መኪና ይጠግኑ ነበር። ቤተሰቡ በምጽዋ በኩል ያስመጣት፣ ክዳን አልባ የሆነች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ መኪና ነበረችው። አባታችን ስለዚያች መኪና ሲያጫውቱን፣ ሰዎቹ በአገራቸው የመኪና ወዳጆች ክለብ አባላት እንደነበሩ፣ ባል ሲወዳደር ሚስት ሰዓት እንደምትይዝና ልጆች ቁጥር እንደሚጠሩ፣ አሸናፊ አንዲት ሳንቲም እንደማይከፈለው፣ ውድድሩ በከተማ መንገድ እንደሚካሄድና እስኪያልፉ ድረስ ባቡር ቆሞ እንደሚጠብቃቸው ይነግሩን ነበር። የመኪናዋ ውስጧ እንጨት ነው፤ ብሎኗም ሰውነቱ የአንድ አገር፣ ራሱ የሌላ አገር ነው ይሉም ነበር። አዘዞ ጋራዥ ያለው ወንድሜ «እንዲህ ያለ ብሎን በዓለም የለም» እያለ ሲስቅባቸው ኖሯል። ዘንድሮ በሙት ዓመታቸው ሣጥናቸውን ስንከፍት፣ ራሱ መዳብ የሆነ መዶሻ፣ መኪናዋ ከፋሲል ግንብ አጥር ሥር ቆማ የተነሣችው ፎቶግራፍ እና በቁጥር የተሞላ አንድ ወረቀት አገኘን። ወረቀቱን የሱቅ ሂሳብ መስሎን ልንጥለው ነበር። ከጀርባው በአባታችን እጅ «ደባርቅ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከጎኑም በሌላ እጅ 2:40 የሚል አለ። የሁሉንም ፎቶ አያይዤ ልኬያለሁ። የአባታችን ጨዋታ ምን ያህሉ እውነት ነው? መዶሻውስ የምን ነው? አባታችን መኪናዋን «አጠብኳት፣ ጠገንኳት» ከማለት በቀር «ነዳኋት» ሲሉ አንድም ቀን አልሰማንም።

መልስ፦ እኅታችን፣ ወንድምዎ የሳቁበትን ይቅርታ ሊጠይቁ ይገባል፤ በተለይ በብሎኑ ጉዳይ።

ከፎቶግራፉ እንጀምር። መሪዋ በቀኝ በኩል ነው፤ ጎማዎቿ ቀጫጭንና ትልልቅ ሆነው ቸርኬያቸው እንደ ብስክሌት በሽቦ የተወጠረ ነው፤ የፊት መስተዋቷም ወደ ኮፈኑ ተጋድሟል። ይህች በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1949 የተሠራችው ኤም ጂ ቲ ሲ ናት። በጠቅላላው 10,000 ያህል ብቻ የተመረተች ስትሆን፣ ሞተሯ 1250 ሲሲ፣ ጉልበቷም 54 የፈረስ ኃይል ነበር፤ ዛሬ ከተማችን ውስጥ ከሚመላለሱት ትንንሽ የቤት መኪኖች ብዙዎቹ ይበልጧታል። ወደ አሜሪካ የተላኩትም ሳይቀሩ መሪያቸው በቀኝ ነበር፤ አሜሪካውያን በመንገዱ ቀኝ እየነዱ በዚያው መሪ ተወዳደሩባት። ጎንደር ስትደርስ ግን አገሯ የገባች ያህል ነበር፤ ምክንያቱም በእኛም አገር እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ የሚነዳው በመንገዱ ግራ ነበር።

አባትዎ ውስጧ እንጨት ነው ማለታቸው ትክክል ነው። ሻንሲዋ ብረት ቢሆንም፣ ከላሜራው ሥር ያለው የአካሏ አጽም ከእንጨት የተዋቀረ ነበር፤ በሩን የተሸከመውም፣ ላሜራው የተመታበትም ያው እንጨት ነው። በጎርባጣ መንገድ ላይ እንጨቱ ሲላላ በሯ አልገጥም ይላል፤ ስለዚህ አባትዎ ከመካኒክነት በተጨማሪ የአናጢነት ሥራም ሳይሠሩ አልቀሩም።

ወደ ብሎኑ ስንመጣ፣ ያን ሞተር የሠራው የእንግሊዝ ፋብሪካ ቀድሞ የፈረንሳዮቹ የሆችኪስ ኩባንያ ንብረት ስለነበር፣ መሣሪያዎቹ በሙሉ የብሎን ጥርስ የሚያወጡት በሚሊሜትር ነበር። አዲሶቹ ባለቤቶች ያን ሁሉ መሣሪያ ከመለወጥ ይልቅ ጥርሱን እንዳለ ትተው፣ የእንግሊዝ መካኒክ በእጁ ባለው ኪያቤ እንዲፈታው ራሱን ብቻ በእንግሊዝ ልክ ሠሩት። ስለዚህ ጥርሱ የፈረንሳይ፣ ራሱ የእንግሊዝ የሆነ ብሎን ተወለደ። ከጣልያን የቀረ የሚሊሜትር ኪያቤ ብቻ የያዘ የጎንደር መካኒክ፣ የብሎኑ ጥርስ በሚሊሜትር መሆኑን እያየ ኪያቤው ግን ራሱ ላይ አልገጥም ሲለው ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። ይህን ነገር ሰው ቁጭ ብሎ ሊፈጥረው አይችልም፤ እጁን የላጠው ብቻ ነው የሚያውቀው።

መዶሻው የጎማ መፍቻ ነው። የዚያች መኪና ቸርኬ በአራት ወይም በአምስት ብሎን ሳይሆን፣ መሐል ላይ ባለች አንዲት ባለ ክንፍ ትልቅ ዳዶ ይያዛል፤ ክንፏን በመዶሻ እየመቱ ያጠብቋታል፣ እየመቱም ይፈቷታል። መዶሻው ብረት ቢሆን ክንፏን ያጎድፋት ስለነበር ለስላሳ መዳብ ተመረጠ። የቀኙና የግራው ዳዶ ጥርሳቸው ተቃራኒ ሲሆን፣ በሁለቱም በኩል ለመፍታት የሚመታው ጎማው ወደ ፊት በሚሽከረከርበት አቅጣጫ ነው። የእርስዎ መዶሻ አንደኛው ፊቱ እንደ እንጉዳይ ተደፍጥጦ ሌላው ግን ደህና መሆኑ በፎቶው በግልጽ ይታያል፤ ብዙ ጎማ ፈትቷል ማለት ነው። እባክዎ በአሸዋም ሆነ በሎሚ አያጽዱት።

አሁን ወደ ክለቡ። የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1944 በቦስተን ሲሆን፣ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እንደ ኤም ጂ ያሉ መኪኖች ከአውሮፓ መግባት ሲጀምሩ አባላቱ በረከቱ። ሕጉ ጥብቅ ነበር፤ ለገንዘብ የሚነዳ አይገባም፣ አሸናፊም ዋንጫ እንጂ ገንዘብ አይቀበልም፤ ይህም እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ጸንቶ ቆይቷል። ብዙው አባል መኪናውን ከቤቱ እየነዳ መጥቶ፣ መስተዋቱን አጋድሞ፣ በሩ ላይ ቁጥር ለጥፎ ይወዳደርና፣ ካልተሰበረበት በዚያችው ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር።

ባቡሩም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 1948፣ በእኛ መስከረም 22 ቀን 1941 ዓ.ም.፣ በኒውዮርክ ግዛት ባለችው ዋትኪንስ ግሌን በምትባል ትንሽ ከተማ በተካሄደው ውድድር፣ መንገዱ ከከተማዋ ዋና ጎዳና ተነሥቶ፣ ኮረብታውን ዞሮና የባቡር ሐዲድ አቋርጦ የሚመለስ ሲሆን፣ ባቡሮቹ ውድድሩ እስኪያልቅ እንዲቆሙ ተደርጓል። አንዱ ዙር 10.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ሐሳቡን ያመነጨው ካሜሮን አርጌትሲንገር የሚባል የሕግ ተማሪ ራሱም በኤም ጂ ቲ ሲ ተወዳደረ፤ ያሸነፈው ግን ፍራንክ ግሪስዎልድ በአልፋ ሮሜዮ ነው። የከተማው ጎዳና ዘመን ረጅም አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1952 እዚያው ዋትኪንስ ግሌን ከተመልካቾች መካከል የነበረ የሰባት ዓመት ልጅ በመኪና ተገጭቶ ሞተና ውድድሩ ከከተማው ወጣ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ አየር ኃይሉ ጀነራል ከርቲስ ለሜይ የአየር ኃይሉን ጣቢያዎች ማኮብኮቢያ ለክለቡ ፈቅደውለት ስለነበር፣ እስከ 1954 እ.ኤ.አ. ድረስ ብዙው ውድድር በአውሮፕላን ሜዳ ላይ ይካሄድ ነበር።

ወረቀቱን ባለመጣልዎ ግን እናመሰግናለን፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የሱቅ ሂሳብ አይደለም። እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ዙር ሲሆን፣ ከላይ ወደ ታች የተጻፉት መኪኖቹ በመዝጋቢዎቹ ፊት ባለፉበት ቅደም ተከተል የተመዘገቡ የመኪና ቁጥሮች ናቸው። 23 ቁጥርን ይከተሉ፤ በመጀመሪያው ዓምድ ሦስተኛ፣ በሁለተኛውም ሦስተኛ፣ በአራተኛው አምስተኛ ይሆንና ከስድስተኛው በኋላ አይታይም፤ መንገድ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ይህን መመዝገብ የቤተሰብ ሥራ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲጽፍ መንገዱን ማየት አይችልም፤ ስለዚህ ዓይኑ የፈጠነ ልጅ ቁጥሩን ይጠራል፣ እናት ትጽፋለች፣ አንዲት መኪና ካመለጠቻቸው ከዚያ በኋላ ያለው ዓምድ ሁሉ ይዛባል። በእርስዎ ወረቀት ላይ ሁለት እጅ አለ። አብዛኛው የተጣራ የአዋቂ ጽሕፈት ሲሆን፣ ከአምስተኛው ዓምድ ግርጌ ጀምሮ ግን ትልልቅና የተንጋደዱ የልጅ ቁጥሮች ይመጣሉ፤ እናቲቱ ሰዓቱን ስታይ ብዕሩን ለልጅ ሰጥታ ይሆናል። የልጁ 4 ከላይ ክፍት ነው፤ የእናቲቱ 4 ግን ዝግ ነው።

አሁን ጀርባውን ይመልከቱ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 2:40 ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ማለት ከሆነ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ ለዚያን ጊዜው የጠጠር መንገድ ደግሞ ይህ ደህና ጉዞ እንጂ እሽቅድምድም አይደለም። ከደባርቅ አልፈው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቢወርዱ ኖሮ፣ በማርሽ እንጂ በፍሬን የማይወረድ ቁልቁለት ስለሆነ (እኔ በልጅነቴ በአውቶቡስ የወረድኩት ዓይኔን ጨፍኜ ነው) ቁጥሩ ሌላ ይሆን ነበር። «ደባርቅ» የሚለው የአባትዎ እጅ ነው። የ2:40 አራት ቁጥር ግን ከላይ ክፍት ነው።

እንግዲህ መኪናዋ ሁለት መቀመጫ ብቻ ነው ያላት። ሦስት ሰው ይታጨቅባታል ቢባል እንኳ መቶ ኪሎ ሜትር በጠጠር አይዘለቅም። አንደኛው መቀመጫ ላይ ሰዓት የያዘው ልጅ ነበር፤ ልጅ ደግሞ አይነዳም።

ወንድምዎ የአባታችሁን መንጃ ፈቃድ ከዚያው ሣጥን ይፈልጉ።