መልስ፦ ከጨረር በኋላ የወጣው የፓቶሎጂ ውጤት ምን ይላል?

ወንድሜ፣ አባትህ ለሬክተም (የትልቁ አንጀት መጨረሻ) ካንሰር ጨረርና ኬሞ ወስደው፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በፓቶሎጂው (የተቆረጠው ሥጋ በላቦራቶሪ የታየበት ምርመራ) ወረቀት ላይ «ዋይ ፒ ቲ2 ኤን0» እና «ሕዋስ የሌለው ሙሲን» መባሉ ግራ አጋብቶሃል። አይዞህ፣ ደህና ዜና አለበት።

«ዋይ» ሲባል ምርመራው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከተሰጠው ጨረርና ኬሞ በኋላ የተሠራ ነው ማለት ነው፤ «ፒ» ደግሞ ውጤቱ ከፓቶሎጂ የመጣ መሆኑን ያሳያል። ቲ2 ማለት ካንሰሩ የአንጀቱ ጡንቻ ውስጥ ገብቷል፣ ግን አልፎ አልወጣም። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ኤኑን ነው፤ ካንሰሩ በዙሪያው ያሉ ንፍፊቶች ውስጥ መኖር አለመኖሩን ይናገራል። ከዚያ ሁሉ ሕክምና በኋላ ንፍፊት ውስጥ ካንሰር ከቀረ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ዜሮ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም! የተቆጠሩት ንፍፊቶች በተለምዶ ከሚፈለገው 12 ቢያንሱም አትደንግጥ፤ ጨረር ራሱ ያኮማትራቸዋል።

ሙሲን ዝልግልግ ነገር ነው። የካንሰር ሕዋስ ከሌለበት ዕጢው ሞቶ የተወው አሻራ ነው እንጂ ቀሪ ካንሰር ተብሎ አይቆጠርም።

የዙሪያውን ጠርዝ (ተቆርጦ የወጣው ሥጋ የውጭ ዳር) ግን አልጻፍከውም። ካንሰሩ ከተቆረጠው ጠርዝ በ1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት ላይ ከተገኘ እዚያው የመመለሱ ስጋት ከፍ ይላል። ስለ እሱ ሐኪሙን ጠይቃቸው። ዕጢው ለሕክምናው የሰጠውን ምላሽ የሚያሳየውን ቁጥር ደግሞ በራስህ አትተርጉም፤ በአንዱ አሠራር ምርጡ 0 ነው፣ በሌላው 4።