ወንድሜ ቤቴን ትቶ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይኖራል

ጥያቄ፦

«የምኖረው እንግሊዝ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ከሚስቱ ከተለያየ በኋላ መጠጥ ውስጥ ገባ፤ ሥራውንም አጣ። እኔ ቤት አምጥቼው ሳሎን ሶፋ ላይ ጥቂት ወራት ተቀመጠ። ማምሸቱና መጠጡ ከባለቤቴ ጋር ስላጋጨን አንድ ቀን በንዴት ተናገርኩት። ቦርሳውን ይዞ ወጣ። መኪናው ውስጥ ያድር እንደነበር የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አሁን ኤማሁስ በሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ከሌሎች ቤት አልባ ከነበሩ ሰዎች ጋር ይኖራል። ሰው የሰጣቸውን አሮጌ ዕቃ ይሰበስባል፣ ይጠግናል፣ ይሸጣል። ደሞዝ ግን የለውም። ልጠይቀው ስሄድ ለአንዲት አሮጊት ቁም ሣጥን ቫን ላይ ሲጭን አገኘሁት። ከሴትየዋ ጋር ይሳሳቁ ነበር። እኔ መኪናዬ ውስጥ ተመልሼ አለቀስኩ። ‹ክፍል እናዘጋጅልሃለን፣ ና› ብለው እምቢ አለኝ። ለፋሲካ ጠርቼው ቀረ፤ ጭራሽ ‹እናንተ ኑና እዚህ አብረን እንብላ› አለኝ። ደሴ ያለችው እናታችን ‹የት ነው የሚኖረው?› እያለች መፈናፈኛ አሳጣችኝ። ጎትቼ ላውጣው? ለእማዬስ ምን ልበላት?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት አንድ መስመር አለ። ከሴትየዋ ጋር ይሳሳቁ ነበር ብለሻል። አንቺ ያየሽው የተሸከመውን ቁም ሣጥን ነው። እኔ ግን ሳቁ ላይ ቀረሁ። ያ ሰው አንቺ ቤት በነበረባቸው ወራት እንደዚያ ሲስቅ አይተሽው ታውቂያለሽ?

ይህን የምልሽ ላስከፋሽ አይደለም። በርሽን ከፍተሽ ያስገባሽው አንቺ ነሽ። ግን እስኪ አስቢው። በእኛ አገር ታላቅ ወንድም ማለት የአባት ምትክ ነው። እሱ የታናሽ እህቱን ሶፋ ይዞ፣ የእህቱን ባል ፊት እያየ፣ ልጆች እንዳይቀሰቅሱት በጣታቸው ሲራመዱ እየሰማ ነበር የሚያድረው። የሚበላው እንጀራ ሁሉ «የሰው እጅ እያየሁ ነው» የሚያሰኘው ነው። ሀፍረት እንዲህ ሲጠራቀም ሰው ያመሻል፣ ይጠጣል። ሲጠጣ ደግሞ ይብስ ያፍራል። አንቺ ያን ቀን የተናገርሽው ቃል ባይኖር እንኳ ያ ኑሮ ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም።

የኤማሁስን አነሳስ ብታውቂ የወንድምሽ እምቢታ ይበልጥ ይገባሻል። እ.ኤ.አ. በ1949 ፓሪስ አጠገብ ኑይ ፕሌዛንስ በምትባል ቦታ፣ አቤ ፒየር የሚባል የካቶሊክ ቄስ ዦርዥ የሚባል ሰው አገኘ። ዦርዥ ነፍስ አጥፍቶ ረጅም ዓመታት ታስሮ የወጣ፣ ራሱንም ለማጥፋት ሞክሮ የተረፈ ሰው ነበር። ቄሱ ለቤት አልባዎች ቤት ይሠራ ነበርና የምሰጥህ ነገር የለኝም፣ ግን ለእነዚህ ሰዎች ቤት ስሠራ አግዘኝ አለው። ዦርዥም ተስማማ። የመጀመሪያው ነዋሪ እሱ ሆነ። ቆይቶ ሲናገር ገንዘብ ወይም ቤት ብቻ ሰጥቶኝ ቢሆን ኖሮ ራሴን ለማጥፋት እንደገና እሞክር ነበር፣ የጎደለኝ የምኖርለት ምክንያት ነበር ብሏል።

ቄሱ የፈረንሳይ ምክር ቤት አባልም ነበር፤ በኋላ ያ ደሞዙ ሲቋረጥ ነዋሪዎቹ እንደ እኛ አገር ቆራሌው አሮጌ ዕቃ እየሰበሰቡ መሸጥ ጀመሩ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው ሥራ መነሻው ያ ነው። ወደ እንግሊዝ የገባው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን የመጀመሪያው ማኅበረሰብ ካምብሪጅ አካባቢ ነው የተከፈተው።

ስለ አቤ ፒየር ጉግል ስታደርጊ የሚያስደነግጥ ነገር ታገኛለሽና አስቀድሜ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2007 ካረፈ በኋላ፣ በ2024 ሴቶች ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሞብናል ብለው የሰጡት ምስክርነት ወጥቷል። ይፋ ያደረገውም ኤማሁስ ራሱ ያስጠናው ጥናት ነው። ለእነዚያ ሴቶች ጉዳት ምንም ማቃለያ የለውም። ወንድምሽ የሚኖርበት ቤት ግን የሚመዘነው ዛሬ በሚሠራው ነው።

«ደሞዝ ግን የለውም» ያልሽው ተገቢ ጥያቄ ነው። እዚያ የሚኖሩት ሰዎች፣ ኮምፓኒየን ነው የሚባሉት፣ ተቀጣሪ አይደሉም። ከሥራ አጥ ድጎማ ይወጣሉ፤ የቤት ኪራይ ድጎማው ብቻ ለማደሪያቸው ይውላል። በምትኩ የራሳቸው ክፍል፣ ምግብና ትንሽ ሳምንታዊ የኪስ ገንዘብ ያገኛሉ። በዚህ መንገድ ሀብት አይሰበሰብም፤ ይህ አሠራር የሚተቹትም አሉት። ወንድምሽ እስካሁን የያዘውን ግን ቁጠሪ። በራሱ ቁልፍ የሚከፍተው በር አለው። ጠዋት የሚጠብቀው ቫን አለ። ቀርቶ ሲውል «ዛሬ ምን ሆነ?» የሚል ሰው አለ። ግቢው ውስጥ መጠጥ አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም፤ ሕጉም ለሁሉም እኩል ስለሆነ እንደ አንቺ ቤት እሱን ብቻ ነጥሎ አያሸማቅቀውም። እኛ በምክር ሥራችን ስንከራከርበት የኖርነው ነገር ነው፤ ሰው የሚያገግመው ሲረዱት ብቻ ሳይሆን እሱም ሲረዳ ነው። አሮጊቷ ያን ቀን የወንድምሽ ጉልበት አስፈልጓታል። እንዲህ ያለውን ክብር አንቺ ብትፈልጊም ልትሰጪው አትችይም።

ስለዚህ ጎትተሽ አታውጪው።

ከዚያ በፊት ራስሽን አንድ ነገር ጠይቂ። ክፍል ላዘጋጅለት ስትይ የማን ሕመም እንዲሽር ነው? እሱ ተመልሶ ቢመጣ መኪና ውስጥ ያደረባቸው ሌሊቶች ይቅር የተባሉልሽ ይመስልሻል ብዬ እገምታለሁ። ይቅርታውን በቀጥታ ጠይቂው እንጂ በክፍል አትለውጪው። «ያን ቀን እንደዚያ መናገር አልነበረብኝም፤ መኪና ውስጥ ማደርህን ስሰማ ልቤ ተሰብሯል» በዪው። «ግን አንተም እኮ…» የሚለውን ለሌላ ቀን አቆዪው። ሊቆጣ ይችላል፣ ዝም ሊልም ይችላል። ታገሺው።

ከዚያ ግብዣውን ተቀበዪ። በስደት ላይ ቤት አጥቶ የኖረ ታላቅ ወንድም ለመጀመሪያ ጊዜ እህቱን «ቤቴ ነይ» ብሎ ጠራት፤ እሷ ደግሞ ቀረች። እሱ የሚያየው እንዲህ ነው። ልጆችሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ድፎ ዳቦም ያዢ። እሱ ያስጎብኛችሁ። የጠገነውን ነገር ቢያሳይሽ እንዳታዝኚለት፤ ዋጋውን ጠይቂው። ከሱቁ የምትፈልጊው ዕቃ ካለም እንደ ማንኛውም ደንበኛ ከፍለሽ ግዢ።

ወደ እናትሽ ልምጣ። ታሪኩ የእሱ ነው፤ ያለ ፈቃዱ አትናገሪ። ውሸትም አትፍጠሪላት፤ እናት ውሸትን ከድምፅ ትለያለች። «እማዬ፣ ደህና ነው፣ አይቼው መጥቻለሁ፤ የሚኖርበትን እሱ ራሱ ይንገርሽ» ብትያት እውነትም ነው፣ ልቧንም ያሳርፋል። እሱን ደግሞ ከእኔ አፍ ከምትሰማ አንተ ብትደውልላት ይሻላል በዪው። ምን እንደሚል ከጨነቀው «ከሰዎች ጋር ተሰባስበን እየሠራን እንኖራለን፣ የተቸገረም እንረዳለን» ይበላት። የደሴ እናት የሚረዳ ልጅ እንዳላት ስትሰማ የምታፍር አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን በንቃት ተከታተዪ። እንደገና መጠጣት ከጀመረ፣ ከክፍሉ መውጣት ካቆመ፣ ወይም «ብሞት ይሻላል» የሚል ነገር ካመለጠው፣ አብሮ መኖር ብቻውን አይበቃም። ለጂፒው፣ ማለትም ለሠፈሩ ሐኪም፣ ይናገር፤ እዚያ ላሉት ሠራተኞችም እንዲነግር አበረታቺው። በሌሊት ቢጨንቀው 116 123 የተጨነቀ ሰው የሚያዳምጠው የሳማሪታንስ ድርጅት ነፃ ስልክ ነው፤ አሁኑኑ አደጋ ላይ ነው ብለሽ ከፈራሽ ወደ አስቸኳይ ስልኩ 999 ደውዪ። ስልኮቹን አንቺም መዝግበሽ ያዢ፤ ለእሱም በቴክስት ላኪለት።